ለፒክአፕ የመጠባበቂያ ናፍጣ ጀሪካን ማሰሪያ በርካሽ የሰራ ሰው አለ?

የሱሉልታው

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሱሉልታ ነው ምኖረው። ስራዬ የውሃ ፓምፕና ጄነሬተር ጥገና ነው፣ በወር ሁለት ሶስቴ በጫንጮ በሙከጡሪ አርጌ ለሚን አልፌ ጀማን ተሻግሬ ዓለም ከተማና ከሷ ወዲያ ያሉ ቀበሌዎች እሄዳለሁ። መኪናዬ ሲንግል ጋቢና አሮጌ ሃይሉክስ ናት፣ ናፍጣ።

ሁሌ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዤ ነው ምወጣው፣ እስካሁን ካሶኒው ላይ ከእቃው መሃል ወትፌ በገመድ ጠፍሬ ነበር ምሄደው። ያለፈው ወር ግን ከለሚ ወደ ጀማ ስወርድ ገመዱ ላልቶ አንዱ ጀሪካን ተጋደመ፣ ክዳኑ ደሞ ከድሮም ጤነኛ አልነበረም፣ ታች ድልድዩ ጋ ደርሼ ወርጄ ሳይ የካሶኒው ወለል በሙሉ ናፍጣ ሆኗል፣ አዲስ የገዛሁት ጋስኬት ከነካርቶኑ ርሷል፣ እናቴ የቋጠረችልኝ ቆሎ ሳይቀር። ከሰዓት ረሃብ ሲጠናብኝ ቆሎውን ቀመስኩት፣ እንዳትሞክሩት።

እና አሁን በቋሚነት ሚይዝልኝ ማሰሪያ ማሰራት ፈልጌያለሁ። ከውጪ ሚመጣውን ፋብሪካ የሰራውን አይቼ ዋጋውን ስሰማ ዝም ብዬ ወጣሁ። እዚህ ሰፈር ያለ ብየዳ ቤት ስጠይቅ ልጁ "ከኋላ ባምፐሩ ላይ እበይድልሃለሁ፣ የግማሽ ቀን ስራ ነው" አለኝ፣ ዋጋው አይከፋም ግን ልቤ አላመነበትም። ሌላ ያሰብኩት ጎን ስፖንዳው ላይ በቡሎን ማሰር ነው። ሰርታችሁ የሞከራችሁ ካላችሁ የት ቦታ፣ በምን ብረት፣ እንዴት እንደሚታሰር ጣል አርጉልኝ በናታችሁ። ለፎቶ ሚሆን ነገር አደለም ምፈልገው፣ አይንቀሳቀስ እንጂ ቢያስጠላም ግድ የለኝም።

ቪጎው

ወንድሜ ሳስበው አንተ ጀሪካን ራሱ አያስፈልግህም። 60 ሊትር ሞልተህ በሊትር 9 ኪሎሜትር ብትሄድልህ 540 ኪሎሜትር ነው፣ ዓለም ከተማ ደርሰህ ተመልሰህ ይተርፍሃል። 40 ሊትር ተጨማሪ ተሸክሞ መንከራተት ምን ይሰራል?

የሱሉልታው

ለመኪናዋ እኮ አደለም። የጠገንኩትን ፓምፕ አስነስቼ ውሃ ሲወጣ ሳያዩ ሰዎቹ ሂሳብ አይከፍሉኝም፣ እውነታቸውንም ነው። እኔ ምሄድባቸው ቦታዎች ማደያ የለም፣ ያለውም ሱቅ በረንዳ ላይ በሃይላንድ ተደርድሮ ነው፣ ነጭ ጋዝ ይኑርበት ውሃ ይኑርበት እግዜር ነው ሚያውቀው፣ አንዴ ከዛ ገዝቼ ፓምፑን ካስነሳሁት በኋላ ኖዝሉን እንደገና ፈትቼዋለሁ። ማደያም ቢሆን በጀሪካን ሚቀዳልኝ ለስራው የተጻፈ ደብዳቤ ስላለኝ ነው፣ ስለዚ በየሄድኩበት ልቅዳ ብልም አልችልም።

ቪጎው

እሺ ገባኝ፣ ይቅርታ። ያው ብዙ ሰው ዝም ብሎ ለሰልፍ ፍራቻ ሲያከማች ስለማይ ነው።

በያጁ ዓለም ገና

ባምፐር ላይ እበይዳለሁ ያለህን ልጅ ተወው። እኔም በያጅ ነኝ፣ ለገበያዬ ብዬ ባወራ "አምጣት" ነበር ምልህ።

እንዲህ አስበው። ባምፐር ላይ ካረከው ሲኖትራክ ከኋላህ ፍሬን አልይዝ ብሎት ሲመጣ መጀመሪያ ሚጨመቀው ጀሪካንህ ነው፣ ከመኪናህ በፊት ማለት ነው። ማርሚታው፣ ጭስ ማውጫው ማለት ነው፣ ደሞ እዛው ስሩ ነው ሚተነፍሰው። ሁለቱንም እርሳው ብትል እንኳ የድሮ ሃይሉክስ ባምፐር ለሰው መርገጫ እንጂ 50 ኪሎ አንጠልጥሎ ኮረኮንች ላይ እንዲዘል አልተሰራም፣ ብየዳው ሳይሆን ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ነው ሚሰነጠቀው፣ ስንቱን ተመላሽ እንዳየሁ። ስፖንዳውም እንደዛው ነው፣ ላሜራው እኮ በአውራ ጣትህ ስትጫነው ገባ ወጣ ይላል፣ ቡሎን ብታስገባበት ሁለት ወር ሳይሞላ ቀዳዳው ሰፍቶ እንደ አሮጌ ሱሪ ይቀደዳል።

ትክክለኛ ቦታው ካሶኒው ውስጥ ነው፣ ልክ ከጋቢናው ጀርባ ወለሉ ላይ። ክብደቱ ከኋላ እግር ፊት ስለሚያርፍ መኪናዋ አፍንጫዋን አታነሳም፣ ፍሬን ስትይዝም ጀሪካኑ ወደፊት ሊሄድ ቢል ተደግፎ ነው ያለው። ከእቃ ቦታ ትንሽ ይወስድብሃል፣ ይወሰድ።

ክብደቱን እንዳትንቀው። የብረቱ ጀሪካን ባዶውን ወደ 4 ኪሎ ነው፣ 20 ሊትር ናፍጣ ደሞ ወደ 17 ኪሎ፣ ስለዚ አንዱ 21፣ ሁለቱ 42። ማሰሪያውን 8 ኪሎ በለው። ጠቅላላ 50፣ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ማለት ነው። የቆመ ከረጢት ሲሚንቶ አደለም፣ በየጉድጓዱ ሚዘል ከረጢት ሲሚንቶ።

ልኬት። ያ ወታደር ሚይዘው አይነት ባለ ሶስት እጀታ የብረት ጀሪካን ቁመቱ 47፣ ርዝመቱ 34 ተኩል፣ ስፋቱ 16 ተኩል ሳንቲ አካባቢ ነው። ሁለቱን ሆድ ለሆድ አቁመህ ሳጥኑን ውስጥ ለውስጥ 35 ተኩል በ 35 አርገው፣ ያቺ ትርፍ ላስቲክ ሚገባባት ናት። ግን የኔን ቁጥር አትመን፣ የራስህን ጀሪካን ለካ፣ ከቻልክ ታቹን ካርቶን ላይ አስቀምጠህ በእስክሪብቶ ዙሪያውን አስምርና ካርቶኑን ቆርጠህ ለበያጁ ውሰድለት። ካርቶኑን ነው ያልኩህ፣ ጀሪካኑን ይዘህ ብየዳ ቤት እንዳትገባ። ባዶ ነው ብትልም።

ብረቱ፣ አንግል ባለ 30 በ 30፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ። ታች ዙሪያውን፣ መሃል አንድ መለያያ፣ አራት ቋሚ ባለ 25 ሳንቲ፣ ከዛ ግራና ቀኝ አንዳንድ ረጅም ቋሚ ባለ 45። ሁሉም ተደምሮ አራት ሜትር አይሞላም። የላይኛው ዙሪያ በጠፍጣፋ ብረት ይሁን፣ ሜትር ተኩል ይበቃዋል። አንድ ቤርጋ 6 ሜትር ስለሆነ ሙሉውን ከመግዛት ቁራጭ ሚሸጡ ጋ ፈልግ፣ ወይ በያጁ ጥግ የተጣለ አያጣም። ረጃጅሞቹ ቋሚዎች ለምንድነው፣ ጫፋቸው ላይ ቀዳዳ ታወጣና ባለ 12 ፌሮ በስድስቱም እጀታ ስር ታሳልፋለህ፣ በአንዱ ጫፍ ጭንቅላት ትበይድለታለህ በሌላው ጫፍ ቁልፍ ታንጠለጥላለህ። ወደላይ አይዘልም፣ ሌባም አይወስደውም።

ወለሉን በላሜራ አትድፈነው፣ ውሃና ጭቃ ይቋጥርና ጀሪካኑን ከስር ይበላዋል። ሁለት ጠፍጣፋ ብረት አቋርጥበትና ላዩ ላይ ከመነዳሪ፣ ማለት የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ ቆርጠህ አንጥፍ።

አሳሰሩ ላይ ነው ሰው ሚሰንፈው። አራት ቡሎን፣ በ17 ቁልፍ ሚፈታው፣ ማለት 10 ሚሊ ውፍረት ያለው። ከስር በኩል ሮንዴላ ብቻ አይበቃም፣ 8 በ 8 ሳንቲ የተቆረጠ 4 ሚሊ ላሜራ ለያንዳንዱ ስጠው፣ አለበለዚያ ያ ቀጭን ወለል ይጎትትና ቡሎኑ ተፈልቅቆ ይወጣል። ከቻልክ የወለሉን ተሻጋሪ ብረት ፈልገህ እዛ ላይ አሳርፈው። ዳዶው ናይሎን ያለው ይሁን፣ ካጣህ በአንዱ ላይ ሌላ ዳዶ ደርበህ አጥብቅ። ከመብሳትህ በፊት ደሞ ከስር ገብተህ እይ!! ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) የት ጋ ነው፣ የፍሬን ቱቦው በየት ነው ሚያልፈው፣ ገመዱስ። ሰው አለ ከላይ ዝም ብሎ በስቶ በድሪሉ ሰልባትዮውን ያገኘ። የበሳህበትን ጠርዝ ቀለም ቀባው፣ ዝገት ከዛ ነው ሚጀምረው።

ብየዳው በሙሉ ከመኪናው ውጪ ይለቅ፣ መኪናዋ ላይ ምንም ሚበየድ ነገር የለም፣ ቡሎን ብቻ። የግድ ከሆነ ግን የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ።

ዋጋ አልጽፍልህም፣ ብረት ዛሬ የነገሩህ ነገ አይሰራም። ግን ከአንድ አዲስ ጎማ በጣም ያነሰ ነው።

አቢቹ ለገጣፎ

ለምን ፖርታመጋላ አሰርተህ ጋቢናው ላይ አትጭነውም ብሮ? አሪፍ ሳፋሪ መኪና ነው ሚያስመስላት 😂

በያጁ ዓለም ገና

42 ኪሎ ጭንቅላቷ ላይ አስረህ የጀማን ጠመዝማዛ ውረድ፣ ከዛ ሳፋሪው እንዴት እንደነበር ትነግረናለህ። ለመቅዳትስ በየቀኑ 21 ኪሎ ከራስህ በላይ ታወርዳለህ? ይቅርብህ።

የድሮ መካኒክ

በያጁ ያለው ጥሩ ነው፣ እጁ የተባረከ ነው። እኔ ቃሊቲ ነው ያለሁት፣ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ብረቱን ትቼ ስለ ጀሪካኑ ልናገር ምክንያቱም ልጄ መያዣው ምንም ቢጠነክር ያንተ ችግር የጀመረው ከክዳኑ ነው። ራስህ "ከድሮም ጤነኛ አልነበረም" ብለሃል።

መርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ የብረት ጀሪካን አይጠፋም፣ ግን ስትገዛ ሶስት ነገር እይ። ክዳኑን ክፈተውና የውስጡን ላስቲክ በጥፍርህ ጫን ጫን አርገው፣ ከደረቀና ከተሰነጠቀ ላስቲኩን ቀይር፣ ላስቲኩ ከሌለ አትግዛ። ሁለተኛ በባትሪ ወደ ውስጥ አብራበት፣ ቀይ ዝገት ካየህ ያ ዝገት ነገ የሰው ፓምፕ ውስጥ ነው ሚገባው። ሶስተኛ ውሃ ሞልተህ ዘግተህ በጎኑ አስተኛው፣ ሩብ ሰዓት ጠብቅ፣ ላብ ላብ ካለው ተወው። ከዛ በደንብ ሳይደርቅ ናፍጣ እንዳትጨምርበት።

ቆርቆሮ ሰሪዎች ሚሰሩትን ዚንክ የተለበጠ እቃ ለናፍጣ አትጠቀም። ናፍጣና ዚንክ ሲቆዩ አይስማሙም፣ እንደ ሳሙና ያለ ዝቃጭ ይፈጥርና ፊልትሮ ይዘጋል። የዘይቱ ቢጫ ፕላስቲክም ቢሆን ለአንድ ቀን ይሸከምልሃል እንጂ ፀሐይ ላይ ሲከርም ይደርቅና ጥግ ጥጉ ይሰነጠቃል።

አፉ ድረስ አትሙላ። አንተ ጠዋት ሱሉልታ በብርድ ትቀዳለህ፣ እኩለ ቀን ጀማ ስር በረሃ ውስጥ ነህ። ልዩነቱን 25 ዲግሪ ብንለው 20 ሊትር ናፍጣ ወደ 4 መቶ ሚሊ ሊትር ያብጣል፣ ሁለት ብርጭቆ ማለት ነው፣ መሄጃ ካላገኘ በክዳኑ ነው ሚወጣው። አየሩም አለ። ባዶ ሃይላንድ እዚህ አዲስ አበባ ዘግተህ አዋሽ ስትወርድ ተጨማዶ አላየኸውም? የተዘጋ ጀሪካንም እንደዛው ነው፣ ስትመለስ ደሞ ተቃራኒው፣ ጀማ ላይ ከፍተህ የዘጋኸውን ሱሉልታ ስትከፍተው ሽሽሽ ይልብሃል። ክዳኑን በአንዴ አትበርግደው፣ ትንሽ ላላ አርገህ ይተንፍስ፣ ፊትህን ዞር አርግ።

ስትቀዳ ጀሪካኑን ከመኪናው አውርደህ መሬት ላይ አስቀምጥ። ማደያ ያለው ልጅ ችኩል ስለሆነ ካሶኒ ላይ እንዳለ ልቅዳልህ ይልሃል፣ እምቢ በለው። በተለይ ካሶኒው ፕላስቲክ ለብሶ ከሆነ ወይም ጀሪካኑ ጎማ ላይ ከተቀመጠ፣ ነዳጅ በቱቦ ሲፈስ ሚፈጥረው ኤሌክትሪክ መሬት መውረጃ አያገኝም፣ ይጠራቀምና ይተኩሳል። ላንተ ናፍጣ ስለሆነ አደጋው ያነሰ ነው፣ ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ እንዲሁ በብልጭታ ሚያዝ ትነት አያወጣም፣ ቤንዚን ግን በረዶ ውስጥ ብታስቀምጠውም ትነቱ ይያዛል። ለትንንሾቹ ጄነሬተሮች ቤንዚን መያዝህ አይቀርም መቼም፣ ጋቢና ውስጥ ከእግርህ ስር እንዳታረገው። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፣ ታች ይተኛል፣ አንተ ሽታውን ለምደኸው ትረሳዋለህ።

በያጁ ባዶ ጀሪካን ብየዳ ቤት አታስገባ ያለውን እኔ ላጠንክረው። ድሮ ምሰራበት ጋራዥ አንድ ልጅ ባዶ በርሜል ለውሃ ሊያረገው በእሳት ሊቆርጥ ተነሳ። ሳምንት ሙሉ ክዳኑ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ የዋለ በርሜል ነበር፣ እኛም አይተን ዝም አልን። ድምጹን እስከ ዋናው አስፋልት ሰምተውታል። የበርሜሉ ክዳን ቆርቆሮውን በስቶ ጎረቤት ግቢ ዶሮ ቤት ላይ ነው የተገኘው። ልጁ ከጎኑ ቆሞ ስለነበር ተረፈ፣ ቅንድቡ ግን እስከዛሬ አልበቀለም። ሙሉው በርሜል አደለም ሚፈነዳው፣ ባዶው ነው።

የሱሉልታው

ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ ይሄን ሁሉ ጽፈውልኝ። አንዱ ጀሪካኔ የዘይቱ ቢጫ ፕላስቲክ ነው፣ የተንጋለለውም እሱ ነበር። ዛሬውኑ ከናፍጣ ስራ አወጣዋለሁ።

የሆለታዋ

ስለ ቢጫ ጀሪካን ከተነሳ እኔም አለኝ። ሆለታ ድንችና ትንሽ የወተት ላሞች አሉን፣ ፒክአፓችን ዲማክስ ነው። ግቢያችን ውስጥ የውሃውም ቢጫ ጀሪካን የናፍጣውም ቢጫ ጀሪካን ነበር፣ አንድ ማታ ረዳቱ ልጅ ጨለማ ውስጥ ሰልባትዮው ላይ ጨመረ ጨመረና ጠዋት ስትነሳ ሁለት መቶ ሜትር ሳትሄድ ደረቀች። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ነው ሚተኛው፣ ፓምፑ ደሞ ከታች ነው ሚስበው። መካኒኩ የፊልትሮውን የውሃ ማውረጃ ቢከፍት ቢከፍት ንጹህ ውሃ፣ ላሞቹን ማጠጣት እንችል ነበር። ሰልባትዮው ወረደ፣ ኖዝል ታጠበ፣ ያንን ሳምንት ወተቱን በባጃጅ ነው ያመላለስነው። ልጁ እስካሁን "ውሃው" እየተባለ ነው ሚጠራው።

ከዛ ወዲህ የናፍጣው ጀሪካን ብረት ነው፣ አንገቱ ላይ ዙሪያውን ቀይ ቀለም ቀብቼ ጎኑ ላይ በትልቁ ናፍጣ ብዬ ጽፌበታለሁ። ቀለም ስትቀባ በጨለማ በእጅህ ሚታወቅ ነገርም ጨምርበት፣ እኔ እጀታው ላይ የጨርቅ መቀነት ጠምጥሜበታለሁ።

ማሰሪያ ቀበቶ ላይ ደሞ፣ አዲስ የጭነት ቀበቶ አትግዛ፣ ሶማሌ ተራ ከተፈታታ መኪና የወጣ የወንበር ቀበቶ ከነመቆለፊያው ግዛ። ባለቤቴ ሁለቱን ጫፍ በቡሎን ማሰሪያው ላይ አሰረው፣ ቀጭ አርገህ መዝጋት ነው፣ በአንድ እጅ ይከፈታል። ሰው ለመያዝ የተሰራ ነው ጀሪካን አያቅተውም። ግን የተበጣጠሰና ፀሐይ የነጨው እንዳይሰጡህ፣ ዘርግተህ እየው፣ ጠርዙ ጸጉር ያወጣ ከሆነ መልስላቸው። ያ ራሱ ሚስብ ጥቅልሉ ያለውን ሳይሆን ቋሚውን፣ የመሃል ወንበሩን አይነት ነው ምትጠይቀው፣ ጥቅልሉ ኮረኮንች ላይ ይላላል።

በያጁ ዓለም ገና

የወንበር ቀበቶውን ሰረቅኩሽ እህቴ 😄 ከነገ ጀምሮ ለደምበኛ የራሴ ሃሳብ ነው እያልኩ ነው።

የሆለታዋ

ውሰደው፣ ድንች ስትገዛ ግን አስበን።

የሱሉልታው

ተመለስኩ፣ ሶስት ሳምንት ፈጀብኝ ይቅርታ።

ያው እዛው ሱሉልታ ልጁ ጋ ነው ያሰራሁት፣ ባምፐር ያለው ልጅ ጋ። መጀመሪያ ከፋው፣ የዓለም ገናውን ጽሁፍ ከስልኬ ሳነብለት "ይሄማ በያጅ ነው የጻፈው" ብሎ ለሰለሰ። አንግሉ ግማሹ እሱ ጋ ከበር ስራ የተረፈ ቁራጭ ነው፣ እኔ የገዛሁት ጠፍጣፋውን፣ ቡሎኖቹን፣ የቀለም ቆርቆሮ አንድ ብቻ። ከምናለሽ ተራ ሁለተኛ የብረት ጀሪካን ጨመርኩ፣ ሶስተኛው ሱቅ ላይ ነው ላስቲኩ ደህና የሆነ ያገኘሁት፣ ሻጩ በባትሪ ወደ ውስጥ ሳበራ "ወንድም ጀሪካን ነው ምትገዛው ወይስ ጥርስ ነው ምትነቅለው" አለኝ።

አንድ ስህተት ሰራን። ካርቶኑን በትክክል ቆርጬ ሰጠሁት ግን ለላስቲክ ትርፍ ጨምር ማለቱን ረሳሁት፣ ልጁም እንዳለ ቆረጠው። ስንሞክረው ጀሪካኑ ገባ፣ ከመነዳሪው ሲነጠፍ ግን እምቢ አለ። አንዱን ጎን በግራይንደር ፈትቶ ሁለት ጣት አስፍቶ መልሶ በየደው፣ ለዛም ነው አንዱ ጥግ ትንሽ ሸርተት ያለው። ከመብሳታችን በፊት ከስር ስገባ ልንበሳው ምልክት ካረግንበት አንዱ ቦታ ላይ ልክ ከስሩ የፍሬን ቱቦው ያልፋል። አራት ጣት ወደ መሃል አመጣነው። ያንን ሳስብ እስካሁን ይቀፈኛል።

ከዛ ሄድኩ። ጀማ ወርጄ ወጥቼ፣ ዓለም ከተማ አድሬ፣ ከዛ በኋላ ያለውን ጥርጊያ መንገድ ሰርቼ ተመለስኩ። አልተንቀሳቀሰም። ጠብታ የለም። ስመለስ ቡሎኖቹን በ17 ሳያቸው የኋላ ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ላልተው ነበር፣ አጥብቄያቸዋለሁ፣ በሚቀጥለው ጉዞም አያለሁ። ፌሮው እጀታው ስር እየተንቀጨቀጨ ጭንቅላቴን ሲበጠብጠኝ ነበር፣ የአትክልት ውሃ ቱቦ ቁራጭ ሰንጥቄ አለበስኩት፣ ጸጥ አለ። ክዳኑም ሱሉልታ ስደርስ እንዳሉት ሽሽሽ አለ ጋሼ፣ ሳቄ መጣ።

የቀረችኝ አንዷ ነገር ወገቤ ነው። 21 ኪሎ ከካሶኒው በላይ አንስቶ አውርዶ ፓምፕ ላይ መቅዳት እየከበደኝ ነው። በቱቦ በአፍ ስቤ ካሶኒው ላይ እንዳለ ላውርደው እያልኩ ነው፣ ከፍ ያለ ስለሆነ ራሱ ይፈሳል አደል?

የድሮ መካኒክ

ይፈሳል፣ በአፍህ ግን አትሳበው። ስንቱ ረዳት እንደቀልድ ጎርሶ ሳንባው ገብቶበት ሆስፒታል የተኛ አለ፣ ሆድ ከገባው ሳንባ የገባው ነው ክፉው። ቢውጡት እንኳ አስገድዶ ማስታወክ አይገባም፣ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይሄዳልና።

መሃሉ ላይ በእጅ ሚጨመቅ የጎማ እንቁላል ያለበት ቱቦ መኪና እቃ መሸጫ ጠይቅ፣ ሁለት ሶስቴ ስትጨምቀው ይጀምርና ከዛ ራሱ ይወርዳል። ካጣህ ቱቦውን በሙሉ ጀሪካኑ ውስጥ አስጥመህ ሙላውና አንዱን ጫፍ በአውራ ጣትህ ደፍነህ ወደ ታች አውጣው። ጫፉን ከጀሪካኑ ወለል ሁለት ጣት ከፍ አርገህ እሰረው፣ ዝቃጭና ውሃ ካለ እዛው ይቅር።

የሱሉልታው

ባለ እንቁላሉን ነገ ፒያሳ ስወጣ እፈልጋለሁ። ጣቴን ናፍጣ ከሚሸት እሱ ይሻለኛል፣ እናቴ ቆሎ ልትቋጥርልኝ ነው።